«ሪያሉ እጥፍ ሆነ፤ ቤቴ ግን የት አለ?» ትለኛለች

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ31 ዓመት ሰው ነኝ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ በመምህርነት እተዳደራለሁ። በስድስት ዓመት የምትበልጠኝ እህት አለችኝ፤ እኔ «እታለም» ነው የምላት። ጂዳ በሰው ቤት ሠራተኛነት ከገባች አሥር ዓመት ሊሞላት ነው። እኔን ዩኒቨርሲቲ ያስጨረሰችኝ እሷ ናት። በ2014 መጨረሻ፣ አባታችን በተወልን ቦታ ላይ ቤት እንድሠራላት ውክልና ሰጠችኝ። አራት ክፍል፣ ከላይ ሶሌታ (የአርማታ ጣሪያ)፣ ኋላ ፎቅ የሚጨመርበት።

መሠረቱ እንደወጣ ሲሚንቶ ጠፋና ለወራት ቆምን። ሲሚንቶ ሲገኝ ደግሞ የፌሮው፣ የአርማታ ብረቱ፣ ዋጋ ጨመረ። ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) እንደቆሙ ብሩ አለቀ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ሲለቀቅማ ጉድ ሆነ፤ ጠዋት የጠየቅኩትን ዋጋ ይዤ ከሰዓት ስመለስ ባለ ሱቁ «እሱ የጠዋት ነው» አለኝ። ግንበኛው መጀመሪያ በጻፈልን ዝርዝር መሠረት ለሶሌታው ፌሮ የያዝነው ገንዘብ ዛሬ ግማሹን ቢገዛ ነው።

እታለም ይህን አታምንም። «ሪያሉ እጥፍ ሆነ፤ በፊት ከምልክልህ እጥፍ ብር ነው የሚደርስህ፤ ቤቴ ግን የት አለ?» ትለኛለች። አንድ የደሴ ልጅ ጓደኛዋ ቤቷ አልቆ ተከራይቷል አሉ። ከመንፈቅ ወዲህ በኢሞ ስደውልላት አታነሳም፤ ገንዘቡንም ለአክስታችን ልጅ መላክ ጀምራለች። ሰፈሩም ሰምቷል። ወላሂ ለራሴ አንዲት ሳንቲም አልነካሁም። እናታችን ስትታመም ለሕክምና ያወጣሁት አለ፤ እሱንም እንዳትጨነቅ ብዬ አልነገርኳትም። ጭራሽ ከመምህራን ቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሬ ብሎኬት ገዝቼበታለሁ።

አሁን ግንበኛው አንድ ሐሳብ አምጥቷል። ዝርዝሩ ላይ 14 ሚሊ ሜትር የሚለውን ፌሮ በ12 እንተካው፣ ስታፋ የሚባለውን ማቀፊያ ብረትም ራቅ ራቅ እናድርገው፣ ባለን ብር ሶሌታው ይሞላል፤ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ማን ያየዋል ይለኛል። ሶሌታው ቢሞላ ፎቶ እልክላታለሁ፣ የሰውም አፍ ይዘጋል። ወይስ ውክልናውንም ሒሳቡንም ለአክስቴ ልጅ አስረክቤ ልውጣ? እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ታናሽ ወንድም፣ ከኮምቦልቻ

——

ወንድሜ፣ ከብረቱም ከብሩም በላይ የከበደህ ያሳደገችህ እህት ስልክህን አለማንሳቷ እንደሆነ ከደብዳቤህ ይታያል። ሰፈርተኛ ቢያማህ ትችለዋለህ፤ እታለም «የት አለ?» ስትልህ ግን ያስተማረችህን ዓመታት ሁሉ ቆጥራ የምትጠይቅህ ይመስልሃል። ወደዚያ እመለሳለሁ። ከዛሬ ነገ ሊሆን የሚችል፣ ከሆነ በኋላ ግን የማይመለስ አንድ ነገር ስላለ እሱን ላስቀድም።

የ14ቱን ፌሮ በ12 አትተካ። ሁለት ሚሊ ሜትር ምንም አትመስልም፤ ነገር ግን ከ14 ወደ 12 ስትወርድ ከእያንዳንዱ ቤርጋ (ሙሉ ዘንግ ፌሮ) ከሩብ በላይ ብረት ታጣለህ። ስታፋው ደግሞ መሬት ሲነቃነቅ ዋናውን ፌሮ አቅፎ የሚይዘው ነው፤ እሱ ከራቀ ሶሌታውን የተሸከመው ቢም በክፉ ቀን ይሰነጠቃል። የምትኖረው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኑን አትርሳ። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬን ስላናወጠውና ማጀቴን ስላፈራረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አካባቢህ ካሉ ትልልቅ ሰዎች ሳትሰማ አልቀረህም። በ2017ም አዋሽ ፈንታሌ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረ ሰው ሌሊት ልጁን አቅፎ ወርዷል። በዚያ ሶሌታ ሥር የሚተኙት እናትህና እህትህ ናቸው፤ ከላይም ፎቅ ይጨመርበታል ብላችሁ ነው የጀመራችሁት።

ግንበኛው «ማን ያየዋል» ማለቱ እውነቱን ነው፤ ማንም አያየውም። ችግሩ ዛሬ የምትታማው ባላደረግከው ነገር መሆኑ ላይ ነው። ብረቱን ከቀነስክ ግን ከእህትህ የምትደብቀው እውነተኛ ነገር ይኖርሃል፤ ፎቶውን በላክህላት ቁጥርም ታስታውሰዋለህ። ሰውየውን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ይጠብቀዋል፤ ሥራው በቆመ ቁጥር የእሱም ኪስ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሥራው የሚያልቅበትን መንገድ ይፈልጋል። ብረት መቀነስ ይቻል እንደሆነ የመወሰን ሥልጣን ግን የእሱ አይደለም፤ ፕላኑን የሠራው መሐንዲስ ሥልጣን ነው። ወደ መሐንዲሱ ሂድና «ይህን ቤት ባነሰ ወጪ ለመጨረስ ምን ይቀየር?» ብለህ ጠይቀው። ክፍሉን ማጥበብ፣ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) መጨመር፣ ፎቁን መተው፣ ሌላም ሊያሳይህ ይችላል። እሱ አስልቶ፣ ፈርሞ የሚቀንሰውና ግንበኛው በዓይኑ ገምቶ የሚቀንሰው አንድ አይደለም።

አሁን ወደ እታለም። ስሌቷ ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ አይደለም፤ ይህን ሳትቀበል ብትጀምር ሁለት ቃል ሳትነጋገሩ ትጣላላችሁ። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀጣዩ ዓመት ከ120 ብር አልፏል። በባንክ 15 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ሪያልም አብሮት ከ30 ብር በላይ ሆኗል። «እጥፍ» ያለችው ከዚህ ተነስታ ነው። ከጂዳ ሆና የማይታያት የብረቱ መንገድ ነው። እዚህ አገር የሚመረተው ፌሮ በአብዛኛው ቢሌት የሚባል ያልተጠቀለለ ብረት ከውጭ በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ እኛ ፋብሪካዎች ውስጥ እየጋለ የሚጠቀለል ነው። ስለዚህ የእሷን ሪያል በብር ሲቆጠር ከፍ ያደረገው ለውጥ፣ ያንኑ ቀን የፌሮውንም ዋጋ ይዞት ወጥቷል። እጇ ላይ ብዙ ብር ገባ፤ ብሩ ግን የሚገዛው ብረት አልበዛም።

ከዚያም በፊት ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በየካቲት 2014 ጦርነት የገጠሙት ሩሲያና ዩክሬን ለዓለም ገበያ ቢሌት ከሚሸጡት ዋነኞቹ ነበሩ። እኛ ዘንድ ደግሞ ፋብሪካው ዶላር ለማግኘት ባንክ ወረፋ ሲጠብቅ ማሽኑ ይቆም ነበር፤ ማሽኑ ሲቆም በገበያ ያለችው ጥቂት ፌሮ ከእጅ ወደ እጅ በጨመረ ዋጋ ትዞር ነበር። የነዳጁና የጭነቱ ዋጋ በዚያ ላይ ይደመራል። አንተ ሱቁ በር ላይ የሰማኸው «እሱ የጠዋት ነው» የዚህ ሁሉ መጨረሻ ነው። ለእህትህ ግን ይህን ሁሉ አታስተምራት። የሌላ ሰው ልጅ አዝላ፣ የሌላ ሰው ወለል ስትወለውል ውላ ማታ ስልክ የምትከፍት ሴት የቢሌት ታሪክ አትፈልግም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ከ2016 በፊት ገንዘቡ ይደርስህ የነበረው በባንክ ነበር ወይስ በሰው በኩል? በሰው በኩል ከነበረ ያኔም ቢሆን የምታገኘው ከባንኩ ዋጋ በጣም የራቀ ነበርና፣ ሪያሉ ለእሷ በተግባር እጥፍ አልሆነም ማለት ነው። በብዛት የጨመረው ባንክ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ነው። ያን ጊዜ የተቀበልክበትን መልእክት ከስልክህ ፈልግ፤ «በዚያ ወር አንዱን ሪያል በስንት ነበር የተቀበልኩት?» የሚለውን ራሷ ታስታውሰዋለች። በባንክ ከነበረ ደግሞ እጥፍ ማለቷ ትክክል ነው፤ እሱንም ትክክል ነሽ በላት።

ሒሳቡን ስታቀርብላት በብር አትከራከራት፣ በኪሎ ንገራት። ብር በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሆኗል፤ ኪሎ ግን ያው ኪሎ ነው። ፌራዮዎች (ፌሮ የሚያስሩ ሠራተኞች) የሚያውቋት ቀላል ስሌት አለች፦ የፌሮውን ውፍረት በሚሊ ሜትር ወስደህ በራሱ አባዛውና ለ162 አካፍለው፤ የአንድ ሜትሩን ክብደት በኪሎ ይሰጥሃል። የ12ቱ ፌሮ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ፣ 12 ሜትር የሆነው ሙሉ ቤርጋ 10.7 ኪሎ ገደማ ይመጣል። የ14ቱ ቤርጋ 14.5 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ አድርገህ ከመሐንዲሱ ፕላን ላይ ለሶሌታው በጠቅላላ ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ፣ እስከ ዛሬ ስንት ኪሎ እንደተገዛና የት እንደገባ፣ ስንት እንደቀረ በአንድ ገጽ ጻፈው። ከጎኑ አንድ ኪሎ በ2015 ስንት ሪያል ይፈጅ እንደነበር፣ ዛሬ ስንት እንደሚፈጅ አስቀምጥ። እሷ የምታስበው በሪያል ነው፤ ወር ጠብቃ የምትቆጥረው ሪያል ነው። እግረ መንገድህን ስሌቷ ለገበያም ትጠቅምሃለች፦ 12 ተብሎ የተሸጠልህ ቤርጋ ሚዛን ላይ ወጥቶ ከ10.7 ኪሎ በጣም ከጎደለ፣ በ12 ስም ቀጭን ብረት ተሸጦልሃል ማለት ነውና ሳትጭነው መልስ።

ይህ ሁሉ ግን የሚሠራው አንድ ነገር ቀድሞ ከተነገረ ብቻ ነው። ደብዳቤህ ላይ በአንድ መስመር ያለፍካት ነገር አለች፤ የእናታችሁ ሕክምና። «ለራሴ ሳንቲም አልነካሁም» ካልክ በኋላ ወዲያው ያነሳሃት ሳታስበው አይመስለኝም፤ ሲከብድህ የኖረ ነገር ስለሆነ ነው። ለምን እንዳልነገርካት ይገባኛል። በሰው አገር ያለ ሰው «እናትህ ታማለች» ሲባል ምን እንደሚሆን ማን ያጣዋል፤ ደግሞ ብትጠየቅ ራሷ «ስጣት» ትል እንደነበር እርግጠኛ ነህ። ግን እስቲ በእሷ ቦታ ሆነህ እየው፦ ለቤት ተብሎ ከተላከ ገንዘብ ላይ ሳይነገራት የተቀነሰ አለ። ሳይነገራት የተጨመረ ብድርም አለ። ምክንያታቸው ሁለቱም መልካም ነው፤ ሁለቱም ግን ሒሳቡን እንዳይገጥም አድርገውታል። ምናልባት እታለም የሸተታት ስርቆት ሳይሆን ይህ የማይገጥም ነገር ይሆን? ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቷ በፊት አንተ ንገራት። የእናታችሁን የሐኪም ወረቀትና የመድኃኒት ደረሰኝ ካለህ አውጣው፤ ከሌለህም መጠኑን ሳታሳንስ ተናገር።

ጥርጣሬዋን ደግሞ ባንተ ላይ ብቻ የተወረወረ አድርገህ አትውሰደው። ከሳዑዲ የሚመለሱ እህቶች ታሪክ በየቤቱ የታወቀ ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ ብዙዎቹ የዓመታት ላባቸው የት እንደገባ ሳያውቁ ሻንጣቸውን ይዘው ቦሌ ወርደዋል። ያንን የሰማች ሴት መፍራቷ አይፈረድባትም። ነገ ጠዋት ተይዛ ብትመለስ የምትገባበት ቤት አላት ወይስ የላትም? ማታ ማታ የምታሰላው ይህን ነው ብዬ እገምታለሁ። የደሴዋ ጓደኛዋ ቤትም የሚያናድዳት ለዚህ ይሆናል። የዚያች ቤት መቼ እንደተጀመረ፣ ሶሌታ ይኑረው ቆርቆሮ አንተም እሷም አታውቁም፤ ስለዚህ ስለሱ ባትከራከሩ ይሻላል።

ስልክ የማታነሳን ሰው መጥራት ከባድ ነው፤ በየቀኑ መደወልህን ተው። አንድ የድምፅ መልእክት ላክላት፤ ከሦስት ደቂቃ አይብለጥ። ለምሳሌ እንዲህ ልትል ትችላለህ፦ «እታለም፣ ልከራከርሽ አይደለም። ያልነገርኩሽ ሁለት ነገር አለ። እማ ታማ በነበረ ጊዜ ይህን ያህል ከቤቱ ብር አውጥቻለሁ። ይህን ያህል ደግሞ እኔ ተበድሬ ብሎኬት ገዝቼበታለሁ። ሁለቱንም ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ግንበኛው ብረት ቀንሰን እንጨርስ ብሎኝ እምቢ ብያለሁ። የተገዛውንና የቀረውን ብረት በኪሎ ጽፌ ከነደረሰኙ ልኬልሻለሁ። እዪውና ስትፈልጊ ደውዪልኝ፤ ካሻሽ ሰው ልከሽ አስቆጥሪ።» «እንዴት ትጠረጥሪኛለሽ» የሚለውን ለሌላ ቀን አቆየው። ተጎድተሃል፤ የመናገር መብትም አለህ። ግን መጀመሪያ ሒሳቡን፣ ቅሬታህን ኋላ።

ከመልእክቱ ጋር የምትልከው ፎቶ ያማረውን ማዕዘን የሚያሳይ አይሁን። የቆሙትን ኮለኖች፣ የተከመረውን ብሎኬት፣ ዝናብ የመታውን የፌሮ ጫፍ እንዳለ አሳያት። ደረሰኝ የጠፋብህ ካለ «ይህ ደረሰኝ የለውም» ብለህ በራስህ እጅ ጻፍበት። ሁሉም ነገር የሚገጥምለት ሒሳብ ራሱ ያጠራጥራል።

ስለ አክስትህ ልጅ ልንገርህ። ገንዘቡ ወደሱ መሄዱ ያቃጥላል፤ ግን እንደ ባላጋራ ካየኸው ነገሩ በቤተሰቡ ውስጥ ሁለት ጎራ ይሆናል። ይልቅ ወደ ብረት መሸጫው ይዘኸው ሂድ። ሦስት ሱቅ ዙሩ፣ ዋጋውን እሱ ራሱ ጠይቆ እሱ ራሱ ይጻፈው፣ ማታ እሱ ራሱ ለእታለም ይንገራት። ካንተ አፍ ሰበብ የሚመስላት ዋጋ ከሱ አፍ ዋጋ ይሆናል። ከዚያ በኋላም ሲገዛ ሁለታችሁ ቁሙ፣ ሲወርድ ሁለታችሁ ቁጠሩ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ገንዘቡ ደግሞ ባንተም በሱም ሒሳብ ባይቀመጥ እመርጣለሁ። ባንኮቻችን ውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በራሳቸው ስም የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ በዚያ ታስቀምጥና ለአንድ ምዕራፍ ሥራ የሚበቃው ሲሞላ ብቻ ታውጣ። በብር ተቀምጦ የሚጠብቅ ገንዘብ ፌሮው በጨመረ ቁጥር ያንሳል፤ እናንተንም እስከ ዛሬ የጎዳችሁ አንዱ ይኸው ነው።

ቤቱን በተመለከተ፣ ሶሌታውን ዛሬ መሙላት ግዴታ ነው ወይ? ይህን እህትህ እንጂ አንተ ብቻህን የምትወስነው አይደለም፤ ስለዚህ ምርጫዎቹን ዘርዝረህ ጠይቃት። አንደኛው ሶሌታውን ለጊዜው ትቶ፣ ግድግዳውን በብሎኬት ጨርሶ ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ፎቁ ይዘገያል፤ እሷ ግን ነገ ብትመጣ የምትገባበት በር ይኖራታል፣ ካልመጣችም ሊከራይ ይችላል። ቆርቆሮም ከብረት ነውና ርካሽ ነው አልልህም፤ ከአንድ ሙሉ ሶሌታ ፌሮና ሲሚንቶ ጋር ግን አይወዳደርም። ኋላ ፎቁ ሲመጣ ምን መፍረስ እንዳለበት መሐንዲሱን አስቀድመህ ጠይቅ። ሁለተኛው ሁለት ክፍል ብቻ መጨረስ ነው። ሦስተኛው ፌሮውን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እየገዙ ሶሌታው እስኪሞላ መጠበቅ። እኔን ብትጠይቀኝ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ የእሷ ፍርሃት ቤት ማጣት ከሆነ የሚያሳርፋት ጣሪያ እንጂ ሶሌታ አይደለም። እሷ ግን ፎቁን አስባ ዓመታት የሠራች ከሆነ ሌላ ልትመርጥ ትችላለች፤ መብቷ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የቆሙትን የፌሮ ጫፎች እንዲሁ አትተዋቸው። ቀለል ያለ ቡናማ ዝገት አያሳስብም፤ እየተላጠ የሚረግፍ ከሆነ ግን በሽቦ ብሩሽ ታሽቶ በቀጭኑ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ይቀባ። አስቀድማችሁ ፌሮ ከገዛችሁ መሬት ሳይነካ በእንጨት ላይ ተደርድሮ፣ ሸራ ለብሶ፣ ዓይን የሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

ልውጣ ወይ ላልከው፦ መውጣት ነውር አይደለም፤ ውክልናው የእሷ ነው፣ ልታነሳው ትችላለች፣ አንተም ደክሞህ ይሆናል። ግን አሁን፣ ሒሳቡ ሳይነገር ከወጣህ ያለ ጥፋትህ እንደ ሸሸ ሰው ትቆጠራለህ። መልእክቱን ላክ፣ አንድ ወር ስጣት። ያን ጊዜም ዝም ካለች እናታችሁ ወይም ሁለታችሁም የምታከብሩት አጎት ባለበት፣ ቦታው ላይ ያለውን ዕቃ ከአክስትህ ልጅ ጋር ቆጥራችሁ፣ በሁለት ቅጂ ጽፋችሁ ተፈራረሙና አስረክበው። ብድርህን ግን በዚያ ወረቀት ላይ አስፍረው፤ ትክፈልህም አትክፈልህም የእሷ ውሳኔ ነው፣ መጻፉ ግን የግድ ነው። ብድሩ ከደመወዝህ በየወሩ የሚቆረጥ ከሆነም ወደ ማኅበሩ ሄደህ የመክፈያው ጊዜ ይራዘምልህ እንደሆነ በዚህ ሳምንት ጠይቅ፤ እንቅልፍ ካሳጡህ ነገሮች ቢያንስ ይህኛው እህትህን ሳይጠብቅ ሊቀል ይችላል።